ከቆዳ በታች፣ ወረቀት በወረቀት

የጀርመናዊው ሐኪም የዮሐን ሬመሊን የአናቶሚ መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 1619) በዓይን ብቻ የሚነበብ አይደለም። በታተመው የሰው ሥዕል ላይ የደረቱን የወረቀት ክዳን በጣት ሲያነሡት ሳንባና ልብ ብቅ ይላሉ፤ የሆዱን ሲገልጡ አንጀት፣ ከሥሩም ኩላሊት። ክዳኖቹ በእጅ ተቆርጠው በአንድ ጠርዛቸው ብቻ ተለጥፈዋል። ጠፍጣፋ ሥዕል ጉበት ምን እንደሚመስል ያሳያል፤ ምን ላይ እንደተኛ ግን አይነግርም። አስከሬን እንደሆነ በዚያ ዘመን በቀላሉ አይገኝም ነበር፣ ቢገኝም ቶሎ ይሸት ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የአናቶሚ ሊቁ የቬሳሊየስ «ኤፒቶሜ» የተሰኘው መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1543 ባዝል ላይ ሲታተም በወረቀት ላይ የታተሙትን ብልቶች ቆርጦ የመለጠፉን ሥራ ለአንባቢው ተወለት። የጉበትን ዙሪያ በመቀስ የተከተለ እጅ ቅርጹን እንዲህ በዋዛ አይረሳም።

ከሬመሊን መጽሐፍ ቅጂዎች ብዙዎቹ ዛሬ ክዳናቸው የተቀደደ ወይም የጎደለ ነው፤ ያን ያህል መገለጣቸው ደስ ይለኛል።