አንድ ስክሪን፣ ብዙ ጠረጴዛ

ድሬዳዋ ላይ የትራንዚተር ሥራ ማለት መስኮት በመስኮት ላይ መክፈት ነው። የዕቃው ዝርዝር በኤክሴል፣ ኢንቮይሱ በፒዲኤፍ፣ የጉምሩኩ ገጽ በብሮውዘር፣ ከጅቡቲ የሚመጣው መልእክት በቴሌግራም። ሁሉም አንዲት ላፕቶፕ ላይ ሲደራረቡ ዓይን ይደክማል።

ቨርቹዋል ዴስክቶፕን የምወደው ለዚህ ነው። ተጨማሪ ስክሪን መግዛት አያስፈልግም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዊንዶውስ 10 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። ዊንዶውስ፣ ኮንትሮልና ዲ አንድ ላይ ሲጫኑ አዲስ ባዶ ዴስክቶፕ ይከፈታል። በዲ ፈንታ የቀኙን ወይም የግራውን ቀስት ሲጫኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። የከተማችንን ሰፈሮች ከዚራና መጋላን የደቻቱ ወንዝ እንደሚለያቸው፣ የአንዱ ደንበኛ ሰነድ ወዲህ፣ የሌላው ወዲያ ይሆናል። የአንዱን ኢንቮይስ ቁጥር በሌላው ዲክላራሲዮን ላይ መጻፍ ዕቃ በሚያስቆምበት ሥራ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሐሳቡ ግን የቆየ ነው፤ የዜሮክስ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. «ሩምስ» ብለው ሠርተውታል።

አሁን ዊንዶውስና ታብን ተጭኖ ለእያንዳንዱ ዴስክቶፕ በአማርኛ ስም መስጠትም ይቻላል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ቢበራ ስሙ ይቆያል፤ ፕሮግራሞቹን ግን እንደገና መክፈት ነው።