ሙሉ ስክሪን መሆኑን ሰርቪሱ በምን ይወቅ?

የሞባይል አፕ መሥራት የሚማሩ ተማሪዎቻችን ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይዘውልን መጥተዋል። አፓቸው ከጀርባ ሆኖ የጥናት ሰዓት የሚያስታውስ ነው። ተማሪው የትምህርት ቪዲዮ በሙሉ ስክሪን እያየ ከሆነ ግን ማስታወሻው ፊቱ ላይ ድቅን እንዳይልበት ፈለጉ። ታዲያ ከጀርባ ያለው ሰርቪስ ስክሪኑ መሞላቱን በምን ይወቅ?

አንድሮይድ ለዚህ ቀጥተኛ መንገድ አላዘጋጀም። አንዱ አፕ የሌላውን ጓዳ እንዲያይ አይፈልግም፤ በዚህ እንስማማለን። ፕሮግራመሮች ግን ዘዴ አላጡም። ስፋቱ አንድ ፒክስል የሆነ፣ ለዓይን የማይታይ ረጅም መስኮት ከሁሉም አፕ በላይ ይዘረጋሉ። ሰዓትና ባትሪ የሚታይበት የላይኛው መስመር ካለ መስኮቱ ከሱ በታች ስለሚጀምር ቁመቱ ያጥራል። መስመሩ ሲጠፋ ይረዝማል። ሰርቪሱም ቁመቱን ለክቶ ይፈርዳል፤ ጥላ አይቶ ሰዓት እንደመናገር ማለት ነው።

ብልሃቱን እናደንቃለን፣ ግን አንተማመንበትም። ስልኩ በጎን ሲዞር ልኬቱ ይለወጣል። ስክሪኑ ለሁለት አፕ ሲከፈል፣ ወይም ካሜራው ስክሪኑ ውስጥ የገባበት ስልክ ሲሆን ስሌቱ ሊሳሳት ይችላል። የመስመሮቹን መጥፋት ያሳውቅ የነበረውን የድሮ ትእዛዝም አንድሮይድ 11 እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ገንቢዎች እንዲተዉት ተመክሯል። ከ2024ቱ አንድሮይድ 15 ወዲህ ደግሞ ለሱ ተብለው የሚሠሩ አፖች መስመሮቹ ሳይጠፉም ከሥራቸው ድረስ ይዘረጋሉ። እንግዲህ «ሙሉ ስክሪን» የሚለው ቃል ራሱ ሊያከራክር ነው።

ይህ ሁሉ ይቅር ቢባል እንኳ ፈቃዱ ይቀራል። ከአንድሮይድ 6 (2015) ጀምሮ በሌላ አፕ ላይ መስኮት ለመዘርጋት ባለስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መፍቀድ አለበት። ፈቃዱ ደግሞ «ለአንድ ፒክስል ብቻ» ተብሎ አይሰጥም፣ ስክሪኑን በሙሉ ለመሸፈንም ያው ነው። በ2017 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህ ፈቃድ ለአካል ጉዳተኞች ተብሎ ከተዘጋጀው የተደራሽነት ፈቃድ ጋር ሲጣመር የይለፍ ቃል ሊያሰርቅ እንደሚችል አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ አንዳንዱ ቀዳዳ ተደፍኗል። ሆኖም እዚህ ካምፕ አንድ ስልክ ለስንት ሰው ነው? እህትየው ታጠናበታለች፣ አባት ከዘመድ የተላከ ገንዘብ ይቀበልበታል። ለጥናት ማስታወሻ ብሎ እንዲህ ያለ ፈቃድ መጠየቅ አይገባም እንላለን።

ለተማሪዎቹ ያልናቸው ይኸው ነው። ማስታወሻው በዝቅተኛ ደረጃ ኖቲፊኬሽን ይላክ፤ ድምፅ አያሰማም፣ ስክሪኑም ላይ ዘሎ አይወጣም፣ ተማሪው ቪዲዮውን ሲጨርስ ወደታች ስቦ ያየዋል። ቪዲዮው በራሳቸው አፕ ውስጥ የሚታይ ከሆነማ አፑ የራሱን መስኮት ሁኔታ ያውቃል፣ ፈቃድም አያስፈልገው። አንዷ ተማሪ «ፈተና ቢያመልጠውስ?» ብላ ተሟገተችን። እውነቷን ነው። ለፈተና ቀን «ቪዲዮ እያየሁም ቢሆን ቀስቅሰኝ» የሚል ምርጫ ይግባና ባለስልኩ ራሱ ይወስን ተባብለን ኮዱን እንደገና ጀምረዋል።