ባዶው ቦታም ጽሑፍ ነው

ኮድ የሚያወጣ ስክሪፕት የመጻፍ ሙያችንን በቅርቡ የጀመረ አንድ የቡራዩ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ኮዱ ከወጣ በኋላ አሰላለፉን የሚያስተካክል መሣሪያ ሳለ፣ እርስዎ ስለ አንዲት ባዶ ቦታ ይህን ያህል የሚጨነቁት ስለ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቅን ነው፤ ነገር ግን «ኮድ ጻፊው ስክሪፕት እንደ ልቡ ያውጣ፣ ማሳመሩ ኋላ ይደርሳል» የሚለው አስተሳሰብ በባልንጀሮቼም ዘንድ ሥር እየሰደደ ስለ ሄደ፣ መልሱን በሰፊው ልሰጥበት ወደድሁ።

ማሳመሪያው የሚያሳምረው የደረሰውን ነው እንጂ በመንገድ የጠፋውን አይመልስም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከአካባቢያቸው ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ በኋላ፣ የቦታ ስሞችን እያነበበ የቅጽ ኮድ የሚያወጣ አንድ የሼል ስክሪፕት ለእርማት ወደ እኔ መጣ። የሦስቱ ከተሞች ስም አንድ አንድ ቃል በመሆኑ ሕፀፁ ተሰውሮ ቆይቶ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ ላይ ሲደርስ ግን፣ ስሙን የያዘው ተለዋዋጭ በጥቅስ ምልክት ስላልታጠረ፣ ሼሉ በመካከል ያለውን ክፍተት እንደ ወሰን ቈጥሮ አንዱን ከተማ ሁለት አደረገው፤ ማሳመሪያውም ሁለቱን ሐሰተኛ መስመሮች አስተካክሎ አሰለፋቸው።

ከዚህ የሚከፋው፣ ያው ስክሪፕት በአንዱ ማሽን ጻድቅ በሌላው ኃጥእ ሆኖ መገኘቱ ነው። ኡቡንቱ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሥርዓቱን ሼል ከባሽ ወደ ዳሽ ስለ ለወጠ፣ የባሽ ‹ኤኮ› እንዳለ የሚያሳልፈውን የአዲስ መስመር ምልክት የዳሹ ‹ኤኮ› ፈትቶ በእውነት መስመር ይቈርጥበታል፤ በሚወጣውም ኮድ ውስጥ በጥቅስ የታጠረው ዐረፍተ ነገር ከወገቡ ይሰበራል። በዚህ ምክንያት ጽሑፍ ለማውጣት ከ‹ፕሪንትኤፍ› በቀር በሌላ አልጠቀምም።

ነገር ግን ልቤን ከሁሉ ይልቅ የያዘው የራሳችን ሁለት ነጥብ ነው። ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትሙ ሲቀበል፣ ቃልን ከቃል የሚለየውን ይህን ምልክት ከክፍተቶች ሳይሆን ከሥርዓተ ነጥብ ወገን ደመረው፤ የጥንታዊውን የአየርላንድ ጽሕፈት የኦጋምን መለያ ግን፣ ብዙ ጊዜ በጭረት የሚታይ ሆኖ ሳለ፣ ከክፍተቶች ቈጠረለት። በሁለት ነጥብ የተጻፈ መስመርም ለሼሉ አንድ ረጅም ቃል ነው። ብዙዎች ይህን ለማቃናት ‹ቲአር›ን ጠርተው ሁለት ነጥቡን በክፍተት እንዲለውጥ ያዙታል፤ በማክ ላይም በደኅና ይታዘዛል። በሊኑክስ ያለው የጂኤንዩ ‹ቲአር› ግን ባይትን እንጂ ፊደልን የማያውቅ በመሆኑ፣ በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት የሆነውን ምልክት በታትኖ እያንዳንዱን ባይት በክፍተት ይተካል፤ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ ከሀ እስከ ፐ ላሉት ፊደላት ሁሉ የጋራ መነሻ ነውና፣ አንዲት ምልክት ለማንሣት የተላከው ትእዛዝ፣ አንዳች የስሕተት ቃል ሳይናገር፣ ገጹን በሙሉ ያፈርሰዋል። ለዚህ ሥራ የሚታመነው ‹ሴድ› ነው፤ ፋይሉን በቦታው የሚያርምበት ትእዛዝ ግን በማክና በሊኑክስ ስለሚለያይ ውጤቱን ሁልጊዜ ወደ አዲስ ፋይል አወጣዋለሁ።

በልጅነቴ በሰበታ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ስደግም፣ ፊደሉን ሳይስት ያነበበ ልጅ እንኳ ማረፊያውን ከዘለለ ከመነሻው እንዲጀምር ይደረግ ነበር፤ በብራናውም ላይ ሁለቱ ነጥቦች ከፊደሉ በማያንስ ጥንቃቄ በዚያው ብዕርና ቀለም ተጽፈው አይ ነበር። ባዶ ቦታ የፊደል እጦት ነው የሚለው የማሽን ሰዎች አስተሳሰብ እስከ ዛሬ እንግዳ የሆነብኝ በዚህ ይመስለኛል፤ ይህን ሙያ ከብዙ ሌላ ሥራ ይልቅ እንድወደው ያደረገኝም፣ ያን የንባብ ሥርዓት የምፈጽምበት ስፍራ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ዛሬ ሱሉልታ ተቀምጬ የምሠራውን ስክሪፕት ሁሉ በዳሽም በባሽም፣ በሊኑክስም በማክም አስኬዳለሁ፤ የወጣውንም ኮድ ባይቶቹን በሚያሳየው በ‹ኦዲ› ገልጬ፣ የመስመሩ መጨረሻ ላይ የተደበቀ ትርፍ ባይት እንደሌለ፣ የመጨረሻውም መስመር በሥርዓቱ እንደ ተዘጋ ሳላይ ለማንም አላስረክብም፤ የማስረከቢያው ቀን ቢያልፍም፣ ደንበኛው ቢቈጣም።