የእናትንም ወገን መጠየቅ

የመርሳት በሽታ በዘር ይመጣል ወይ ለሚሉኝ መልስ የምሰጠው ሁለት ነገር ካጣራሁ በኋላ ነው፦ በሽታው በስንት ዓመታቸው ጀመረ? ከቤተሰቡስ ማንን ያዘ? በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች በአእምሮ ጤና ነርስነት ስሠራ የተማርኩት፣ ሁለቱም በአንድ ጥያቄ እንደማይገኙ ነው።

ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት የሚመጡ ብዙ አዛውንቶች የተወለዱበትን ዓመት በትክክል አያውቁትም። «እናቴ፣ በ1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ ስንት ልጅ ነበረዎት?» እላለሁ። የትናንቱ ቢጠፋቸውም የድሮው አለ፤ «ሁለት፣ አንዱ በጀርባዬ» ካሉኝ ሰባን ማለፋቸውን እገምታለሁ። ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜ ከልጆች ለማግኘት ደግሞ ስለ ቡናው እጠይቃለሁ። «ማፍላት መቼ ተዉ?» ስል አንዷ ልጅ፣ «አቦሉን ጠጥተን ሳንጨርስ እንደገና አቦል ሊቀዱ ይነሳሉ፤ ሲቆሉም ያሳርሩታል። እህቴ ከተዳረች ወዲህ የማፈላው እኔ ነኝ» አለችኝ። የሠርጉን ዓመት አልረሳችውም።

ቀጥሎ ዘር እንቆጥራለን። ሰዉ አባቶቹን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ የእናቱን እናት ስጠይቀው ግን ዝም ይላል። ጂን ከሁለቱም ወገን ስለሚወረስ የሴቶቹን መስመር አጥብቄ እጠይቃለሁ። በአርባ ዓመቱ በወባ የሞተን አጎት «ጤነኛ» ብዬ አልጽፍም፤ መርሳት የሚጀምርበት ዕድሜ ላይ አልደረሰምና። ለጋብቻ ዘር ስለሚጣራ ይህን ሁሉ የምጠይቀው በር ዘግቼ ነው።

ከመርሳት በሽታ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን አልዛይመርን በቀጥታ የሚያወርዱት የኤፒፒ፣ የፒኤስኢኤን1 እና የፒኤስኢኤን2 ጂኖች ለውጦች ናቸው። የተሸካሚ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በኮሎምቢያ ዶክተር ፍራንሲስኮ ሎፔራ ያጠኗቸው የአንቲዮኪያ ቤተሰቦች በአርባዎቹ ዕድሜ መርሳት የሚጀምሩት እንዲህ ባለ የጂን ለውጥ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ግን ከመቶ የአልዛይመር ሕሙማን አንዱን እንኳ አይሞላም። ኤፒኦኢ4 የሚባለው የጂን ዓይነት ሥጋትን ይጨምራል እንጂ አይፈርድም፤ በናይጄሪያ ኢባዳን በዮሩባዎች ላይ በተደረገው ጥናት ተጽዕኖው በአሜሪካ ከታየው ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የባሕር ማዶውን ቁጥር ለአጋሮ ሰው እንዳለ አልናገርም።

«ሲስተር፣ እኔንም ይይዘኛል?» ላለችኝ ልጅ፣ የእናቷ ሕመም ከሰባ በኋላ የጀመረና በቤተሰቡ ብቸኛው ከሆነ፣ ሥጋቷ ከሌላው ሰው ብዙ እንደማይርቅ በግልጽ እነግራታለሁ። ለእናቷም የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የቂጥኝ ምርመራ እንዲታዘዝ አሳስባለሁ፤ ድባቴም እንደሆነ አያለሁ። እነዚህ መርሳት ይመስላሉ፣ ይታከማሉም። ከዚያ የልጅቷን የደም ግፊት እለካለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የላንሴት ኮሚሽን 14 የሥጋት መንስኤዎችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ እስከ 45 በመቶ የሚሆነውን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሏል። የደም ግፊትና ስኳር ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም በቤተሰብ ይሄዳሉ፣ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። የቤተሰብ ታሪክ መጠየቅ ዋጋ የሚኖረው፣ ጠያቂው ለተጨነቀችው ልጅ ዛሬውኑ የምታደርገውን ነገር ሲሰጣት ነው።