ሚስተር ዲክን እብድ ያለው ማን ነው? ስለ እንግሊዝኛ ቅጽሎችና ስለ ተርጓሚው ፍርድ

ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1850 በመጽሐፍ መልክ ባሳተመው «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ውስጥ ሚስተር ዲክ የሚባል፣ ጠጉሩ የሸበተ ገራገር ሰው አለ። ይህ ሰው ዘወትር ስለ ራሱ ጉዳይ አንድ ማመልከቻ ይጽፋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1649 አንገቱን የተቀላው የንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ራስ ሳይጠራ እየገባ ጽሑፉን ያበላሽበታል። እርሱም የተበላሸውን ወረቀት በነፋስ የሚበር መጫወቻ አድርጎ ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ወንድሙ በቤቱ ውስጥ መታየቱን ስላልወደደ የእብዶች ማኖሪያ ሰድዶት ነበር። ከዚያ አውጥታ በቤቷ ያኖረችው የሩቅ ዘመዱ ሚስ ቤትሲ ትሮትውድ ናት።

ብላቴናው ዴቪድ ሰውየው አእምሮውን ስቶ እንደ ሆነ ሲጠይቃት ሚስ ቤትሲ ትቆጣለች። እብድ የሚለውን ቃል ወደ ወንድሙ ትመልስና ለሚስተር ዲክ አንዲት ቅጽል ብቻ፣ እርሷንም በመጠኑ፣ ትፈቅድለታለች፤ «ኤክሰንትሪክ» ትለዋለች። የዚህ ምዕራፍ ትግል እንግዲህ በሁለት ቅጽሎች መካከል የሚካሄድ ነው፤ አንደኛው ሰውን በር ይዘጋበታል፣ ሁለተኛው ከማዕድ ያስቀምጠዋል። መዝገበ ቃላቱን ገልጦ ሁለቱንም «እብድ» ብሎ የሚያልፍ ተርጓሚ፣ ሳያውቀው ሚስተር ዲክን መልሶ ለወንድሙ ያስረክበዋል።

የቃሉ ምንጭ የግሪክ ሥነ ፈለክ ነው፤ ፍቺውም «ከማእከል የወጣ» ማለት ነው። በ2ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው በጥሊሞስ የፕላኔቶችን አካሄድ ለማስረዳት፣ ማእከላቸው ከምድር ላይ ያልሆነ ክበቦችን ይጠቀም ነበር። (ሊቃውንት ያንን የሰማይ ሥርዓት ከጣሉት ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ቃሉ ግን በሰው ጠባይ ላይ ተተክሎ ቀረ።) እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው፣ እንዲህ ያለው ፕላኔት ሥርዓት የሌለው አለመሆኑ ነው። በሥርዓት ይዞራል፤ የሚዞርበት ማእከል ግን ተመልካቹ የቆመበት አይደለም። ሚስተር ዲክም እንዲሁ ነው። ደክሞና ቆሽሾ ስለ መጣው ሕፃን ምን ይደረግ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ይታጠብ ይላል። በቤቱ ከተሰጠው ምክር ሁሉ የቀናው ይህ ነው።

ከዚህ ወገን የሆኑት የእንግሊዝኛ ቅጽሎች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ የተረሳ ሥዕል በውስጣቸው ይዘዋል። «አብሰርድ» በላቲን ከቅኝት የወጣ ዜማ ነበር። «ፕሪፖስተረስ» የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ያደረገ ማለት ነው። «ዘይኒ» በኢጣሊያ ሕዝባዊ ቲያትር ጌታውን ከሚያላግጥበት ቀልደኛ አሽከር ስም የመጣ ነው። «አውትላንዲሽ» ደግሞ በቀጥታ ከውጭ አገር የመጣ ማለት ሲሆን፣ እንግሊዛዊው የባሕር ማዶውን ሰው በምን ዐይን ያየው እንደ ነበር ይመሰክራል። በአማርኛም እንግዳ የሚለው ቃል ያልተለመደን ነገር ይገልጻል፤ ነገር ግን ያው ቃል እግሩ የሚታጠብለትን፣ መደቡ የሚለቀቅለትን ሰው ስለሚጠራ ንቀቱ አብሮት አይሻገርም።

ሁለት ቃላት ግን ከአማርኛ ጋር የሚያስገርም ዝምድና አላቸው። ዛሬ ቂል፣ የማይረባ የሚል ፍቺ ያለው «ሲሊ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ብፁዕ፣ ደስተኛ ማለት ነበር። ቀጥሎ ንጹሕ፣ ምንም የማያውቅ ሆነ፤ ቀጥሎ የሚታዘንለት ምስኪን ሆነ፤ በመጨረሻ ቂል ሆኖ ቀረ። በግዕዝ ትሑቱንና ገሩን የሚያወድሰው የዋህ የሚለው ቃልም ዛሬ በአማርኛ ተናጋሪ አፍ፣ በተለይም በገበያና በሙግት ወሬ፣ በቀላሉ የሚታለልን ሰው ሲጠራ ይሰማል። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ወደ አንድ ቁልቁለት የወረዱት፣ ክፋት የሌለበት ሰው በሚበላበት ኅብረተሰብ ንጽሕና እንደ ጉድለት ስለሚቆጠር ነው። የአሮጌውን «ሲሊ» ጥላ ለሚሻ ተርጓሚ እንግዲህ ከጅልና ከቂል ይልቅ የዋህ ይቀርበዋል።

ሁለተኛው «ዲሊሪየስ» ነው። ላቲኑ ከፈር መውጣት ማለት ስለ ሆነ፣ አራሹ በሬውን ስቶ ማረሻው ከትልሙ ሲያፈነግጥ ያሳያል። «ፈር የለቀቀ» የሚለው አማርኛም ከዚያው ከእርሻ የተወለደ ሥዕል ነው። ሆኖም ሥዕል መመሳሰሉ ተርጓሚውን ሊያታልለው ይችላል። ላቲኑ በትኩሳት የሚቃዠውን በሽተኛ ሲያሳይ፣ አማርኛው ልክ ያለፈውን ንግግርና አድራጎት ይኰንናል። ሚስተር ዲክን ፈር የለቀቀ ማለት ያልሠራውን ጥፋት በእርሱ ላይ መጫን ነው።

የመደብ ነገርም አለ። የሰርከስ አስቂኝ የሚጠራበት «ክላውን» በ16ኛው ምዕተ ዓመት የገጠሩን ሰው ይጠራ ነበር፤ ባለጌን የሚሰድበው «ቡሪሽ» የተወለደው ከገበሬ ስም ነው። ባላገር የሚለውን የከበረ ስም ለስድብ ያዋለ ከተሜ በዚህ ሊስቅ አይችልም። በአንጻሩ «ኤክሰንትሪክ» የሚለው ቃል የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ርስትና ገቢ ላለው ሰው ነው። ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 «ስለ ነጻነት» በጻፈው መጽሐፍ ከልማድ ለመውጣት የሚደፍሩ ሰዎች ማነሳቸውን የዘመኑ ዋና አደጋ ብሎታል። ለዚህ ድፍረት የሚበቃ ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ግን የሚል ምስጋና አይነግረንም። ሚስተር ዲክ እንኳ ወደ ሚስ ቤትሲ ቤት የመጣው ጥቂት የራሱን ገቢ ይዞ ነው።

ታዲያ የሚስ ቤትሲ ቃል በአማርኛ ምን ይሁን? «ወፈፍ ያደረገው» ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ግማሹን ፍርድ ለወንድሙ ይሰጣል። «ጉደኛ» ቀልድ ያደርገዋል። «አመሉ ለየት ያለ» የሚለው ሥዕል አልባና ደብዛዛ ቢመስልም፣ ሴትዮዋ ከፈቀደችው በላይ አንዳች አይጨምርም፤ ስለዚህ ይሻላል። የቃሉ ልክ የሚፈተነው ግን ወደ ኋላ ነው። ዶክተር ስትሮንግና ሚስቱ በዝምታ ሲቃቃሩ፣ ብልሆቹ ሁሉ ነገሩን ሲሸሹ፣ ሚስተር ዲክ የእርሱን ጣልቃ ገብነት ማንም ከቁም ነገር እንደማይቆጥረው አስልቶ በመካከላቸው ይገባል፤ ያስታርቃቸዋልም። በመጀመሪያው ምዕራፍ እብድ ብሎ የተረጐመ ሰው ይህን ስሌት የሚያደርገውን አእምሮ ከየት እንደሚያመጣው ግራ ይገባዋል።