ስለ «ደም ማቆሚያ መርፌ» ስያሜ

ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለውን መድኃኒት በአማርኛ «ደም ማቆሚያ መርፌ» ብሎ መጥራት ለአፍ ይቀላል። ይሁን እንጂ የሙያ ስያሜ በቅለቱ ብቻ አይመዘንም፤ የሚሰየመውን ነገር ከሌላው ለይቶ ማሳወቁም ይመረመራል። በዚህ ሚዛን ሲታይ ስያሜው በሦስት ወገን ይጎድላል።

በመጀመሪያ፣ የመድኃኒቱን ግብር አይገልጽም። ጃፓናውያኑ ኡታኮና ሾሱኬ ኦካሞቶ ያገኙት ይህ መድኃኒት ደምን አያረጋም፤ ሰውነት ራሱ ያረጋው ደም ያለ ጊዜው እንዳይሟሟ ይከላከላል እንጂ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም ኦክሲቶሲንም ይገታል፤ የሚገታው ግን ማሕፀንን በማኮማተር ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አንዱን የሌላው ምትክ ያስመስላል።

ሁለተኛ፣ «ማቆሚያ» የተባለ ነገር በማናቸውም ሰዓት የሚያቆም ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር ግን መድኃኒቱ ለወሊድ ደም መፍሰስ የሚሰጠው ከወሊድ ጀምሮ በ3 ሰዓት ውስጥ ነው። መጠኑም 1 ግራም ሆኖ በ10 ደቂቃ ቀስ ተብሎ ይሰጣል።

ሦስተኛውና አስጊው ጉድለት «መርፌ» በሚለው ቃል ላይ ነው። መርፌ መሣሪያውን እንጂ መንገዱን አይናገርም፤ በጡንቻም፣ በደም ሥርም፣ በአከርካሪም የሚሰጠው ሁሉ መርፌ ይባላል። የዚህ መድኃኒት ብልቃጥ ከአከርካሪ ማደንዘዣ ብልቃጥ ጋር በመመሳሰሉ፣ በስሕተት በአከርካሪ ተሰጥቶ ብርቱ መንቀጥቀጥና ሞት አድርሷል። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ አስጠንቅቆ ሁለቱ ተለያይተው እንዲቀመጡ አሳስቧል። ስሕተቱን የወለደው የአማርኛው ቃል አይደለም፤ ቃል ግን አደጋን ማመልከት እየቻለ ዝም ሊል አይገባውም።

«በደም ሥር» ማለትም አይበቃም፤ ደም ሥር ደም ቅዳንም ደም መልስንም ይጠቀልላልና። ስለዚህ የመድኃኒቱ ስም «ትራኔክሳሚክ አሲድ» ተብሎ እንዳለ ይያዝ፤ ወገኑ «የረጋ ደም መሟሟት ተከላካይ» ይባል፤ መንገዱም «በደም መልስ ብቻ፣ በዝግታ የሚሰጥ፤ በአከርካሪ የማይሰጥ» ተብሎ ይጻፍ።

ረዘመ የሚል ተቺ አይጠፋም። በንግግር ማሳጠር የተናጋሪው ፈንታ ነው። በብልቃጥ ላይና በመመሪያ ውስጥ ግን የሚቆጠበው ቃል ጥቂት ነው፤ የሚከፈልበት ዋጋ የወላድ ሕይወት ሊሆን ይችላል።