«ይቀንሳል» ሲባል ምኑ? ስለ አሸዋ ውስጠ ቅርጽ የልክ ማነስ

ስለ ብረት ማቅለጥ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ አንድ የማሠልጠኛ ጽሑፍ ለአስተያየት ቀርቦልን መርምረነዋል። ዐማርኛው በአጠቃላይ የጠራ ነው። ተርጓሚው ቅርጽ ማውጫውን «ሻጋታ» አለማለቱንም እናመሰግናለን፤ የእንግሊዝኛው ቃል የእንጀራውንም ሻጋታ ስለሚጠራ በቀላሉ የሚያሰናክል ነው። ነገር ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር ብዙ አቆየችን፤ «ኮሩ ከደረቀ በኋላ 2 በመቶ ይቀንሳል» ትላለች። ምኑ ይቀንሳል? ክብደቱ? ርዝመቱ? ወይስ ይዘቱ?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። ውስጡ ክፍት የሆነ ዕቃ ሲሠራ፣ ክፍት ሆኖ በሚቀረው ቦታ ልክ ከአሸዋና ከማጣበቂያ የተበጀ ቅርጽ ይቀመጥና የቀለጠው ብረት በዙሪያው ይፈስሳል፤ ብረቱ ሲረጋ አሸዋው ተፈርፍሮ ይወጣል። ይህ የአሸዋ ቅርጽ ሲደርቅ ልኩ ካነሰ የዕቃው ቀዳዳ ይጠብባል፣ ግድግዳውም ይወፍራል። ውሃው ስለሚለቀው ክብደቱም ይቀንሳል፤ የሁለቱ መጠን ግን አንድ አይደለም። ርዝመቱ በሁሉም አቅጣጫ 2 በመቶ ቢያንስ እንኳ፣ በይዘት ሲሰላ ወደ 6 በመቶ ይጠጋል።

ባለሙያው በመጀመሪያ አሸዋው የሚጠቀጠቅበትን ሣጥን የውስጥ ርዝመት፣ ቀጥሎም ደርቆ የቀዘቀዘውን ቅርጽ በካሊፐር ይለካል፤ ልዩነቱንም ለሣጥኑ ርዝመት አካፍሎ በመቶኛ ያስቀምጣል። ሣጥኑ 200፣ ቅርጹ 198.8 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ማነሱ 1.2 ሚሊሜትር ወይም 0.6 በመቶ ነው። ተርጓሚው በሌላ ገጽ «ወደ 1.2 ሚሊሜትር ይቀንሳል» ብሏል። «በ» መባል ሲገባው «ወደ» በመባሉ፣ አንድ ስንዝር የሚያህለው ቅርጽ የክር ውፍረት አህሎ ቀረ!

ከዚህ የሚከፋው ያው «መቀነስ» ለብረቱም መዋሉ ነው። ግራጫ ብረት ከረጋ በኋላ ሲቀዘቅዝ በርዝመቱ 1 በመቶ፣ አረብ ብረት ደግሞ 2 በመቶ ያህል ያጥራል፤ አሸዋው ግን በቀለጠው ብረት ግለት መጀመሪያ ይሰፋል እንጂ አያንስም። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራ ጽሑፍ ሠራተኛውን ሣጥኑን አስፋ ይበለው ወይስ አጥብብ አይታወቅም። በእኛ አስተያየት ለብረቱ «መኮማተር»፣ ለአሸዋው «የልክ ማነስ» ቢባል ይሻላል፤ «መቀነስ» ለክብደት ይቆይ።

«ኮር» የሚለውም አላረካንም፤ አንባቢው የሚያውቀው የጦር ሠራዊቱን ኮር ነው። «እምብርት» እንዳይባል እምብርት ከአካል ጋር ይኖራል፤ ይህ ግን ተፈርፍሮ የሚወጣ ነው። «ውስጠ ቅርጽ» ብንለው ሥራውን ይናገራል።

ብረት ማቅለጥ ለዐማርኛ እንግዳ ሥራ አይደለም። ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሲሠራ፣ ከአውሮፓውያኑ ሙያተኞች ጋር የአገር ሠራተኞችም ነበሩበት። ለአንበሳሜ ገበያ ጀበና የምታበጅ ሸክላ ሠሪም ጭቃው ሲደርቅ ምን ያህል እንደሚያንስ በእጇ ታውቀዋለች። ያቀረብናቸው ቃላት ከመጽደቃቸው በፊት በዚያ አካባቢ ያሉ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ነገሩን ምን ብለው እንደሚጠሩት ተጠይቆ፣ መልሱ ከዚህ ጋር እንዲመረመር እንጠይቃለን።